ከፍዬ የጎበኘሁት ጓዳ

እኔ ጅብ ሲጮህ ጅብ ነው፣ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ድመት ነው የምል ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንግባባ፣ ጎረቤቶቼ ስለ መንፈስ ሲያወሩ "እኛ ራሳችን ተጣብበን በምናድርበት የኪራይ ቤት መንፈስ የት ሊተኛ ነው?" ብዬ የማስቀው እኔ ነኝ፣ ህልም እንኳ አላስፈታም። እጾማለሁ፣ ጠበል እጠመቃለሁ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ "ይቺ ሴትዮ ነካ አደረጋት" እንዳትሉኝ፣ ብትሉኝም አልቀየማችሁም፣ እኔም ራሴን ብያታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሆቴል ጉብኝት ነው። ውጭ አገር በትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ላይ መንገደኛው ተጨማሪ ከፍሎ ወጥ ቤቱን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ የሞተሩን ክፍል ይጎበኛል አሉ፣ ቦሌ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴልም፣ ስሙን አልጠራውም፣ ይህንኑ ኮርጆ "ከመጋረጃው ጀርባ" እያለ ጓዳውን ማስጎብኘት ጀመረ። አንዲት ደንበኛዬ ቲክቶክ ላይ አሳየችኝና "ፀዲዬ፣ ለዚህ መክፈል ያዋጣል ትያለሽ?" አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኔ ያንን ጓዳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንሶላ እያጠብኩበት በነጻ ጎብኝቼዋለሁ። ከዚያ ቪዲዮው ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ ፎጣ ስታጥፍ አየሁና ስልኩን ከእጇ ነጥቄ አጠጋሁት፣ እትዬ ዘነበች ናት።

እትዬ ዘነበች የልብስ ማጠቢያው አለቃችን ነበረች። አንዲት እንግዳ የወርቅ ሐብሏ ጠፋባት፣ ትራስ ልብስ ውስጥ ሸጉጬው ነበር አለች፣ የትራስ ልብሱ ደግሞ ወደ እኛ ወርዷል፣ ያን ቀን ተረኛዋ እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበች ሥራ አስኪያጁ ፊት አቆመችኝና በጓሮው በር በኩል ወደሚታየው የመድኃኔዓለም ጉልላት እጇን ዘርግታ፣ "እሱ ምስክሬ ነው፣ ብብቷ ውስጥ ስትከት በዓይኔ አይቻታለሁ" ብላ ማለች። በመድኃኔዓለም ከማለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል፣ ሥራ አስኪያጁም አልተከራከረም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገርጂ ገባ። እናቴ ልቧን ታማ አልጋ ላይ ነበረች፣ አጠገቧ ቁጭ ስል እጄን ያዘችና "ልጄ፣ እውነት ወስደሽ ነው?" አለችኝ። አልወሰድኩም አልኳት። አመንኩሽም አላመንኩሽም ሳትለኝ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ሥራውስ ይቅር፣ እንጀራ ሌላም ቦታ ይገኛል፣ ያቺ ጥያቄ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ናት፣ ያስጠየቀችኝን ሴት ይቅር አላልኩም፣ እዋሻለሁ እንዴ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ፣ እኔም አልረሳሁም። ዛሬ ገርጂ የራሴ ላውንድሪ ቤት አለኝ፣ ሦስት ማሽን፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ክብር ይግባውና ለማንም አላጎነብስም። ትኬቱን ገዛሁ፣ ጸጉሬን ተሠራሁ፣ አንዲት ደንበኛ ያልወሰደችውን ነጭ ኮት ተኩሼ ለበስኩ፣ አትፍረዱብኝ፣ መልሼ አጥቤዋለሁ። የምናገረውንም ሳምንት ሙሉ ካውያዬ ላይ ሳጠና ከረምኩ፣ ሰው ሁሉ ፊት እቆምና "ያቺ ሌባሽ ነኝ፣ ዛሬ ከፍዬ ልጎበኝሽ መጣሁ" እላታለሁ፣ እሷ ከነላቧ፣ እኔ ከነኮቴ። ይኼው ነበር ዕቅዴ፣ ሌላ የለውም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ ነው የሄድኩት። አስጎብኚያችን ሄርሜላ የምትባል ልጅ እግር ናት፣ ቀልጣፋ፣ "ኦኬ ጋይስ፣ ፎቶ ይቻላል፣ ፍላሽ አይቻልም" እያለች ከፊት ትመራለች፣ አብረውኝ ሁለት አዲስ ተጋቢዎችና አንድ የሆቴል ማኔጅመንት ተማሪ ነበሩ። ወጥ ቤቱን አየን፣ ማቀዝቀዣውን አየን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፣ የሚያሳዩአችሁ ሊታይ ሲባል የተወለወለውን ነው፣ እኛ ሠራተኞቹ ተቀምጠን እንበላባት የነበረችውን የደረጃ ሥር ማንም አላሳየንም። ያወቀኝ ሰው አልነበረም፣ ዘበኛው አዲስ፣ ሠራተኛው አዲስ፣ በፊት ለፊቱ በር ስገባ "እንኳን ደህና መጡ እመቤት" ብለው ውሃ ሰጡኝ፣ በዚያ በር ስድስት ዓመት አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም።

ምድር ቤት ወረድን። እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ እግሬ ራሱ መንገዱን አወቀ። ግድግዳው ጋ ቱቦው አለ። ቱቦው ምን መሰላችሁ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ሰው የሚያሾልክ የቆርቆሮ መተላለፊያ ነው፣ በየፎቁ በር አለው፣ ክፍል የሚያጸዱት የቆሸሸውን አንሶላ ከላይ ይለቁታል፣ እኛ ከታች እንቀበላለን። ታዲያ አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ አንገቷን አስገብታ ሳለ የአንሶላ ክምር ወርዶባት ልትሞት ስለነበር ደንብ አወጣን፣ ከላይ የሚለቅ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ከታች ያለ ሰው እጁን አውጥቶ አንድ ጊዜ በመዳፉ ይመታል፣ ልቀቅ ማለት ነው፣ ካልመታ አይለቀቅም። አሁን በሩ ዙሪያውን ተበይዷል፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል።

ሄርሜላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ኦኬ ጋይስ፣ የምትጠብቁት እዚህ ነው፣" አለች፣ "የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ልብስ አጣቢ ሐብል ሰረቅሽ ተብላ ተባረረች። በኋላ አንሶላ ማውረጃ ጋሪ ሲመጣ ቱቦው ይዘጋ ተባለና በያጆቹ ሲፈትሹት ሐብሉ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የቆርቆሮው መጋጠሚያ ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ልጅቷ ግን ንጹሕ መሆኗን ሳትሰማ በሐዘን ሞታለች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ከውስጥ ይንኳኳል።"

እንግዲህ ፍረዱ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንጹሕም ሆንኩ ሬሳም ሆንኩ። የቱን እንዳስቀድም ጠፋኝ፣ ሐብሉ ተገኝቷል፣ ያውቁ ኖሯል፣ አንድ ሰው እንኳ ገርጂ ድረስ መጥቶ ፀዳለ ሆይ ተሳስተናል አላለኝም። ደሜ ፈላ። ደግሞ ሞታለች ያለው ማነው፣ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ።

የቧንቧ ድምፅ አልነበረም፣ የቧንቧ ድምፅ አውቃለሁ፣ ይኼ በጣት አንጓ ሲመታ ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ እኩል እኩል፣ ከዚያ ዝም፣ መልስ ሲጠበቅ ዝም እንደሚባለው። ሙሽራዋ ባሏን ጨበጠችው፣ ተማሪው ስልኩን አወጣ፣ ሄርሜላ ፈገግ እንዳለች ናት፣ የለመደችው ነገር ነው። እና እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ እመኑኝ አስቤ አይደለም፣ የስድስት ዓመት ልማድ ነው፣ እጄ ተዘርግቶ በሩን በመዳፌ አንዴ ጧ አደረገው።

ከላይ መጣ። ሩቅ፣ ከዘጠነኛው ፎቅ፣ ጨርቅ በቆርቆሮ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ሽሽሽ የሚል ድምፅ እያሰማ ወረደ፣ ስምንት፣ ሰባት፣ በየመጋጠሚያው ጠቅ እያለ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ በተበየደው በር ጀርባ ሲያልፍ ብረቱ እጄ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መውደቅ ነበረበት፣ እናንተዬ፣ ከዚያ በታች ሲሚንቶ ብቻ ነው፣ ግን ምንም የወደቀ ነገር ድምፅ አልተሰማም። ተጋቢዎቹ አጨበጨቡ፣ ስፒከር የተገጠመ መስሏቸዋል። ሄርሜላን ሳያት ፈገግታዋ የለም። "ወርዶ አያውቅም እኮ፣" አለችኝ በሹክሹክታ፣ "ያንኳኳል እንጂ ወርዶ አያውቅም።" ከዚያ ቶሎ ብላ ሰዎቹን ወደ ዳቦ ቤቱ ነዳቻቸው።

እኔ አልተከተልኩም። ከማጠፊያው ጠረጴዛ ኋላ እትዬ ዘነበች ተነስታ ቆማለች።

ያቺ ኮስታራ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሲያዩዋት ቀጥ ብለው የሚቆሙላት ሴት የለችም። አጥንቷ ቀርቷል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ነጩን ኮቴን ከላይ እስከ ታች አየችና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብቻ ሄደች፣ ግድግዳው ያዛት። ያጠናሁት ነገር ሁሉ ጠፋ፣ አንቺ ልላት ስንት ጊዜ የተለማመድኩላትን ሴትዮ እንኳ "እትዬ ዘነበች፣ አወቁኝ?" አልኳት፣ ልማድ ክፉ ነው።

"ፀዳለ፣" አለች። "ደግሞ በአካል መጣሽብኝ? ማንኳኳቱ አይበቃሽም?"

ያኔ ገባኝ፣ ሞታለች ብላ ያወራችው እሷ ናት። "ማን ነው የሞትኩ ያላችሁ?" አልኳት።

"ለቅሶሽ ላይ ነበርኩ እኮ፣" አለች፣ "በሰርቪስ መኪና መጥተን ድንኳንሽ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮሽን በልቻለሁ። ፎቶሽን ሳላይ፣ ዘመድሽን ቀና ብዬ ሳላይ፣ በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ እግዜር ያጽናችሁ ብዬ ወጣሁ።"

የእናቴ ለቅሶ ነው። እኔ በቀብሩ ቀን ራሴን ስቼ ወድቄ፣ ጎረቤት ክሊኒክ ወስዶኝ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ነው ያደርኩት፣ ስመለስ "ከሥራ ቦታሽ መጥተው ነበር" ሲሉኝ ሊሳለቁ ነው ብዬ ተሳድቤያለሁ። መቼስ እኛ አገር ድንኳን ውስጥ ገብቶ ማን ነው የሞተው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ነውር ነው፣ ድንኳን በፀዳለ በር ተጥሏል ብለው መጡ፣ ፀዳለን አጡ፣ በቃ ፀዳለ ሞታለች ብለው ሄዱ። ስልኬንም ሸጬው ነበር፣ ቢደውሉም አያገኙኝም።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። አለሁ፣ የሞተችው እናቴ ናት ማለት ብቻ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ማርያምን፣ ግን እትዬ ዘነበች ቀደመችኝ፣ ተንበረከከች፣ እዚያ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ። "በሐሰት ነው የማልኩት፣" አለች፣ "አንቺን አላየሁም፣ የልብስ ማጠቢያው ቁልፍ እኔ ጋ ስለነበር እኔን እንዳይጠረጥሩ ብዬ ነው። እሱን ምስክር ጠርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም፣ አሥር ሰዓት ታንኳኪያለሽ፣ ቤቴ ስገባ ደግሞ ሌሊቱን እስከሚነጋ መልሱን ትጠብቂኛለሽ።"

ምን ተሰማሽ ካላችሁኝ አልዋሻችሁም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዘጠኝ ዓመት የፈለግኩት ይኼው ነበር፣ በእጄ ምንም ሳላደርግ ሌላ አንድ ነገር በስሜ ተነስቶ በየቀኑ ሲበቀልልኝ ኖሯል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እናቴ ናት እንዳልል እናቴ ሰው አታስጨንቅም፣ እንጃ። ምንም ቢሆን ውለታ ዋለልኝ፣ እኔ ደግሞ መጥቼ ላበላሸው? አለሁ ብላት ተነስታ ትስመኛለች፣ እፎይ ትላለች፣ ማታ ትተኛለች። እንዴት ብላ ትተኛለች። እናቴ ያን ጥያቄ ይዛ ተኝታለች እንዴ? ስለዚህ ዝም አልኩ፣ ፊቴን አቀዘቀዝኩ፣ ሬሳ ምን ዓይነት ፊት እንዳለው አይቻለሁና እንደሱ አየኋት።

"ማሪኝ፣" አለች።

"አልምርሽም፣" አልኩ፣ አሁን አንቺ ወጣልኝ።

ራሷን ነቀነቀች፣ የጠበቀችው ነው። ከዚያ ከጡቷ መያዣ ውስጥ ትንሽ እስክሪብቶና የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "ካልማርሽኝም አንድ ነገር ስጪኝ፣" አለች። "በየዓመቱ ፍትሐት አስደርግልሻለሁ፣ ግን ፀዳለ እያልኩ ነው፣ ቄሱ በዓለም ስሟ አይደርስላትም፣ የክርስትና ስሟን አምጪ ይሉኛል። ቤተሰብሽን ልጠይቅ አፈርኩ። የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ።"

እስቲ አሁን ንገሩኝ፣ የተማረ ሰው፣ ሕያው ሰው፣ የገዛ ክርስትና ስሙን ለሙት ጸሎት ይሰጣል? እኔ ሰጠሁ። ጨዋታው ጣፍጦኛል፣ ይበልጥ የሞትኩ እንድመስላት ፈለግኩ፣ ስሜን ይዛ ዕድሜዋን ሙሉ ስታለቅስ እንድትኖር ፈለግኩ። "ወለተ ኪሮስ፣" አልኳት። ጻፈችው፣ ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ እኔ በጓሮው በር ወጣሁ፣ የመድኃኔዓለም ጉልላት ፊት ለፊቴ ነበር፣ ቀና ብዬ አላየሁትም። ታክሲ ውስጥ እስከ ኢምፔሪያል ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ሳምንት ያህል ዓለሜን አየሁ። ከዚያ ሄርሜላ ትኬት ስገዛ በተውኩት ቁጥር ደወለች፣ ጉብኝቱ እንዴት ነበር፣ ጥሩ አስተያየት ጻፊልን ልትለኝ ነው፣ ወሬ ስንጀምር ግን "ያ ነገር አቆመ እኮ፣" አለችኝ፣ "አሥር ሰዓት ቆመን ብንጠብቅ ጭጭ፣ ደንበኛው ቅር አለው። እትዬ ዘነበች ግን አንድ ፍትሐት አስደርጌ ተኛሁ ትላለች፣ ብታዪያት አታውቂያትም፣ ፊቷ መልሷል።" ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላስታውስም። ተኛች። ስሜን ሰጥቼ አስተኛኋት።

ከዚያ ወዲህ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። በማግስቱ የታክሲው ረዳት ከግራዬም ከቀኜም ሒሳብ ተቀብሎ እኔን ዘለለኝ፣ ተረፍኩ ብዬ ወረድኩ። በሳምንቱ አንድ ደንበኛ ሱቄ ገብቶ "እዚህ ቤት ሰው የለም?" ብሎ ጮኸ፣ እኔ ከመተኮሻው ጀርባ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ እያየሁት ነው፣ "አለሁ" ብለው ዞር ዞር ብሎ አየና ሸሚዙን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ወጣ። ሠራተኞቼ በየጊዜው "መቼ ገባሽ?" ይሉኛል። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ግን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ፣ ቄሱ ሙታንን በስም ሲያስቡ ወለተ ኪሮስ ከመባሉ በፊት ነጠላዬን ሰብስቤ እወጣለሁ፣ ወለተ ኪሮስ ደግሞ ስንት አለች፣ የማንኛዋም ልትሆን ትችላለች።

ትናንት ቁጥሯን ከሄርሜላ ተቀብዬ ደወልኩ። ንስሐ ገብቼ አይደለም፣ እሱን አልዋሽም፣ አለሁ ብያት ያንን እንቅልፏን ልቀማት ነው፣ ስሜንም ላስመልስ ነው። አነሳች። ድምጿ የረጋ፣ የጠገበ ነው። "ሃሎ? ማን ልበል?" አለች። እኔ ነኝ፣ ፀዳለ ነኝ፣ አልሞትኩም አልኩ። "ሃሎ? አይሰማም።" ዘጋች። ሁለተኛ ደወልኩ፣ ወደ ውጭ ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆሜ ነው የጮህኩት፣ ሰው ዞሮ እንኳ አላየኝም። "ሃሎ? ሃሎ?" ዘጋች። ሦስተኛውን ስደውል ሃሎ አላለችም። ትንፋሿን ሰማሁ፣ እኔ አለሁ አለሁ እያልኩ ነው፣ ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣

"ፀዳለ፣ አንቺ ነሽ?" አለች። "እረፊ እንጂ እህቴ፣ ሁሉን አድርጌልሻለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። እኛ ሰፈር ኔትወርክ እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ፣ እስቲ ኔትወርክ ነው በሉኝ።